ተሸኝቶ የቀረ

ዲላ ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ለሚደበቅ ሰው ግን ከአንድ ጓሮ አትሰፋም። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘምራ፣ ጸልያ፣ አልቅሳም ወደ ውጭ አገር ከሸኘችኝ በኋላ የትም ሳልሄድ ቀረሁ። የሄደ ሰው ይናፈቃል፣ ያለ ሰው ደግሞ በየመንገዱ ይታያል። ተሸኝቶ የቀረ ሰው ግን ምን ተብሎ ሰላም እንደሚባል ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ዲላ ውስጥ አንዲት የጉራጌ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አባቴ ያለው ይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው የገጠር ቀበሌ፣ ኢዲዶ ነው፤ እንሰትና ቡና ተቃቅፈው የሚበቅሉበት ማሳ አለው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያው ጎኑ ከተዳረችው ታላቅ እህቴ ጋር እየተጋገዘ ይኖራል።

በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ድሮ የሚወራው ስለ ኳስ ነበር። አሁን የሚወራው ስለ ቪዛ ነው፤ ክርክሩ ግን ያው የኳሱ ነው፣ ደጋፊ እንጂ ተጫዋች የለበትም። የኬሚስትሪው መምህር የትምህርት ቪዛ ደጋፊ ነው፤ ተማሪ ሆነህ ትገባለህ፣ በጎን ትሠራለህ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል ይላል። የሒሳቡ መምህር የጉብኝት ቪዛ ይሻላል ባይ ነው፤ ጎብኚ መስሎ ገብቶ እዚያው መሰወር። የእንግሊዝኛ መምህሯ የምታምነው ለባለሙያ በሚሰጠው የሥራ ቪዛ ነው፤ እሱ የአገሩን ቋንቋ ስለሚጠይቅ በእረፍት ሰዓት ሁሉ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለብቻዋ ታጉረመርማለች። የጽዳት ሠራተኛችን ልጅ ደግሞ በኮንትራት ዓረብ አገር ሄዳለች፤ በሕጋዊ ኤጀንሲ፣ ሥልጠናዋን ወስዳ፣ አሻራዋን ሰጥታ። ከምናወራው ሁሉ በእውነት የሄደችው እሷ ብቻ ናት፤ ስለ እሷ ግን ማንም አያነሣም። ኮንትራት ለተማረ ሰው አይሆንም ይባላል።

እኔ የመረጥኩት ማንም የማይደግፈውን ነው። ወቅታዊ የሥራ ቪዛ ይሉታል። አሠሪው ውል ይልክልሃል፣ የአገሩ መንግሥት ይፈቅዳል፣ ኤምባሲው ይጠይቅሃል፤ የሥራው ወቅት እስኪያልቅ ሠርተህ ትመለሳለህ። በጊዜህ ከተመለስክ በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ ትጠራለህ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አውሮፓ ውስጥ እንጆሪ የሚያመርት እርሻ ላይ እንዲህ እየተመላለሰ ይሠራል፤ አሠሪውን አናግሮ ለእኔም ውል አስላከልኝ።

የሒሳቡ መምህር ሳቀብኝ። «ለስድስት ወር ማን ሻንጣ ይገዛል?» አለ። «ከገባህ በኋላ ወቅቱ መቼ እንደሚያልቅ የምትወስነው አንተ ነህ።»

«እመለሳለሁ» አልኩት።

«አዎ፣ አዎ» አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

የምሬን ነበር። በክረምት ሲያፈስ የሚያድረውን የአባቴን ቤት ቆርቆሮ ላስለውጥ፣ ትዳር ልይዝ፣ እዚሁ ልኑር ብዬ ነው የተነሣሁት። ግን እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ጮክ ብለህ ስትናገረው ሞኝነት ይመስላል፤ ስለዚህ እኔም ዓይን ለጠቀሰኝ ሁሉ መልሼ እየጠቀስኩ ከረምኩ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራው ለቀማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስጠየቅ «በግብርናው ዘርፍ ነው» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። «ለቀማ» ለማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱም ጌዴኦ ውስጥ ለቀማ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለማንም አያስፈልግም። ቡና ሲቀላ ሴቱ፣ ልጁ፣ የቀን ሠራተኛው ቅርጫት አንግቶ ይወጣል። የተማረ ሰው አይወጣም። ሕግ አይደለም፣ ግን ከሕግ ይበልጣል። እኔ ዲግሪ ከያዝኩ ወዲህ በለቀማ ወራት ኢዲዶ የምሄደው ጫማዬን አስጠርጌ ነው። ከማሳው ዳር እቆማለሁ፣ ለለቃሚዎቹ ለስላሳ እገዛለሁ፣ አባቴን ስለ ጤናው እጠይቃለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዴ ቅርጫት ባነሣ አባቴ ራሱ ከእጄ ተቀበለኝ። «አንተ ተምረሃል፣ ተወው» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። እኔም ተውኩት።

ለቃሚ በዚያ ወቅት የሚለመን ሰው ነው። ዛሬ እዚህ የለቀመ ነገ ጎረቤት ማሳ ፍሬው በዝቶ ካየ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ ፀሐይ ስትዞር ለቃሚዎቹን አንድ በአንድ «ነገ ትመለሳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። «እመለሳለሁ» ያለውን ሰው ቅርጫት ተቀብሎ ባዶውን እንሰቱ ሥር በአፉ ይደፋዋል፤ ነገ ለእሱ ይቆይ ብሎ። ልጅ እያለሁ ይህን ጥያቄ እንደ ሰላምታ ነበር የምቆጥረው።

ውሉ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ሲሆን የኤምባሲው ቀጠሮ ኅዳር ሲገባ ነበር። ሽኝቱ መሆን የነበረበት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ችግሩ ቡናው ነው። እኛ ዘንድ ሠርግም ምርቃትም ሽኝትም የሚቆረጠው ቡናን አይቶ ነው፤ ለቀማ ከገባ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ አይኖርም፣ መዘምራኑም ግማሾቹ ወደየቤተሰባቸው ማሳ ይበተናሉ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሽኝቱ በጥቅምት ይሁን አሉ።

«ቪዛው እኮ ገና ነው» አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዙኝ። «ወንድሜ፣ ካየ በኋላማ የማያምንም ያመሰግናል። እኛ ቀድመን ነው የምናመሰግነው» አሉኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ደግሞም እምነቴ በርትቶ አይደለም እሺ ያልኩት፤ ደስ ስላለኝ ነው። ስሜ በማስታወቂያ ሲነገር፣ ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ፣ ሕፃናት ዞረው ሲያዩኝ ደስ አለኝ። ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ ማይኩን ይዤ «ጌታ በሩን ከፍቶልኛል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በሽኝቱ ቀን አባቴ ከኢዲዶ መጣ። የክት ኮቱን ለብሶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መዘምራኑ አዋጥተው ከገበያው ሳልባጅ ተራ አንድ ጃኬት ገዝተውልኝ ነበር፤ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ባለ ቆብ፣ ቆቡ ዙሪያውን ፀጉር ያለበት። የመጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደነበረ አይታወቅም፤ ብቻ ከብርድ አገር ተጉዞ ዲላ ደርሷል፣ አሁን እኔን ይዞ ሊመለስ ነው። መድረክ ላይ አለበሱኝ። የጥቅምት ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ተደላድላ ነበርና ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እጃቸውን ጫኑብኝና ጸለዩ።

«ጌታ ሆይ፣ እዚያው አጽናው» አለ አንዱ። «ወረቀቱን ስጠው» አለች ሌላዋ። «ለሌሎቻችንም በር ይሁን።» ውሉ ስድስት ወር እንደሚል ሁሉም ሰምቷል፤ እመለሳለሁ ብዬ የፈረምኩትን እኔን፣ እንዳልመለስ በአንድ ድምፅ ጸለዩልኝ። እኔም አሜን አልኩ።

መጨረሻ ላይ አባቴ ተነሣ። በጌዴኦኛ አጠር አድርጎ ጸለየ፤ በሰላም አድርሰህ በሰላም መልስልኝ ነው ያለው። ሽማግሌው ወደ አማርኛ ሲያዞሩት ሰው በፍቅር ሳቀ። «አባት ናቸው፣ ይናፍቃሉ» አሉ ሽማግሌው። አባቴ ለምን እንደተሳቀ አልገባውም፤ ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

በዚያው ሳምንት ዕቃዬን አደልኩ። የሚሄድ ሰው ዕቃውን አይሸጥም፤ ነውር ነው፣ ለሚቀረው ይሰጣል። ፍራሼን የባጃጅ ሾፌር ለሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ሰጠሁ፣ ምድጃዬን ለግቢው ዘበኛ። ብርድ ልብሴን ጎረቤቴ ለሆኑት መበለት ሰጠሁ፤ ገበያ ላይ ጎመንና ካሮት የሚሸጡ፣ እንደ እኔ ከገጠር የመጡ የጌዴኦ ሴት ናቸው። ሥራዬንም ለቀቅሁ፤ ክፍለ ጊዜዎቼን አንድ አዲስ ተመራቂ ተረከበ። አከራዬ ክፍሌን ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ለሌላ ሰው ቃል ገቡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው ውስጥ የጠየቀችኝ ሴት ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ነበር። ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ የሚረገም ሰው አገኝ ነበር።

ሚስት አለህ ወይ አለችኝ። የለኝም። ልጅ? የለኝም። በስምህ ያለ ቤት ወይም መሬት? መሬቱ በአባቴ ስም ነው አልኩ። አሁን የምትሠራው የት ነው ስትለኝ ለቅቄያለሁ አልኩ፤ ይህን ስናገር ጆሮዬ ጋለ።

«ፍሬ ለቅመህ ታውቃለህ?»

«ቤተሰቤ ቡና ገበሬ ነው» አልኩ። እዚህ ላይ የተሻልኩ መሰለኝና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ቡና የሚለቀመው መቼ ነው?»

«አሁን ነው፤ ገና ገባ።»

«ታዲያ የአባትህን ቡና አሁን ማን እየለቀመ ነው?»

«የቀን ሠራተኞች። እህቴም ትረዳዋለች።»

«አንተስ ለምን አትለቅምም?»

«እኔ መምህር ነኝ» አልኩ።

ከምትጽፈው ቀና ብላ አየችኝ። የምትሳለቅ አትመስልም፤ የምር ያልገባት ነው የምትመስለው። «እኛ ዘንድ ግን ልትለቅም ነው የምትሄደው» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ቀጥዬ የምለውን ጠበቀች። መልሱን አውቀው ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ለራሴም ተናግሬው ባላውቅም አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። እዚያ ማንም አያየኝም፤ መልሱ ይኸው ነበር። የማላውቀው ሰው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ብውል የሚያውቀኝ አያልፍም። በአባቴ ማሳ ግን አገር ያልፋል። ይህን ለመስታወት መናገር አልቻልኩም። ስለ ደመወዝ ልዩነት አንድ ነገር ተንተባተብኩ፤ እሷም ጻፈችው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ መልሱ መጣ። ቪዛው ተከልክሏል፤ አመልካቹ ወደ አገሩ ስለመመለሱ አሳማኝ ነገር አላቀረበም ይላል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው አይመለስም ብሎ ሸኘኝ፣ ኤምባሲውም አይመለስም ብሎ ከለከለኝ። በዚህ ሁሉ መካከል እመለሳለሁ ሲል የነበረው ሰው እኔ ነኝ፤ የተጠየቅሁ ዕለት ግን የምመለስበትን ምክንያት ማሳየት አቃተኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ወደ ዲላ የተመለስኩት በገበያ ቀን ነው፤ ሰው ሰውን የማያይበት ቀን መርጬ። አውቶቡሱ መናኸሪያው ሳይደርስ ወረድኩ። ጃኬቱን እጄ ላይ ጣል አድርጌ በጓሮ መንገድ ስሄድ አንድ ባጃጅ ፊቴ ቆመ። ፍራሼን የወሰደው ተማሪዬ ነበር።

«ቲቸር፣ አለህ እንዴ?»

«በረራው ተዛውሮ ነው» አልኩት።

«አይዞን፣ ይሆናል። ፍራሹ ደግሞ በጣም ይመቻል ቲቸር፣ ጌታ ይባርክህ» አለና ግባ ላድርስህ አለኝ። አመሰግናለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ፍራሹን እንዴት መልስልኝ ይባላል?

ክፍሌ እስከ ወሩ መጨረሻ የእኔ ነበር። ባዶ ወለል ላይ ጆንያ አንጥፌ ጃኬቱን ለብሼ ተኛሁ። መጸዳጃ የምወጣው ግቢው ጭር ሲል ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ደወሉ ይሰማኛል፤ አሁን ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፣ አሁን እረፍት ነው እያልኩ ግድግዳ አያለሁ። ስልኬ ላይ «ደረስክ?»፣ «ፎቶ ላክልን እንጂ» የሚል መልእክት ይመጣል። አልመልስም። አለመመለሴ ደግሞ ለብዙዎቹ መድረሴን ያረጋገጠላቸው ይመስለኛል፤ ውጭ የሄደ ሰው ይረሳል ይባላል። እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ እስከ ክፍሌ ይደርሳል። አንድ እሑድ በውጭ ላሉ ወንድሞችና እህቶች ሲጸለይ ሰማሁ። እኔም አለሁበት ማለት ነው። ጆንያው ላይ ተቀምጬ፣ ለእኔ የሚጸለየውን እየሰማሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ብርድ ልብሴ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ በበሩ ቀዳዳ ይታየኛል። አንድ ቀን እሱን ሳይ መበለቷ ከመሰጫው ጀርባ ብቅ አሉ። እዚያ መኖሬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ኖሯል። በሩን ሳያንኳኩ ከውጭ ሆነው ተናገሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብሷን ላምጣልህ እንዴ? እኔ ኮ ሌላ አለኝ።»

«አይ እማማ፣ ይሞቃል» አልኩ።

«እንግዲያው ይሙቅሃ» አሉና ሄዱ። ስወጣ በሩ ሥር በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አገኝ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው ተነጋግረን አናውቅም፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም፤ ካመሰገንኩ መኖሬን አመንኩ ማለት ይሆናል ብዬ።

ወሩ አለቀ። አከራዬ አዲሱን ተከራይ ይዘው መጡና ሲያዩኝ ደነገጡ። «ወይኔ ልጄን» አሉ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። የቀረኝ መሄጃ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ የፈራሁትም እሱን ነው።

ከይርጋጨፌ በሞተር ሳይክል ኢዲዶ ስደርስ አባቴ ማሳው ዳር ጎንበስ ብሎ እሸት ቡና ያስተነፍስ ነበር፤ የተለቀመው ቀይ ፍሬ እንዳይግል በእጁ እያገላበጠ። ቀና ብሎ መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን፣ መጨረሻ ላይ ፊቴን አየ።

«በላህ?» አለኝ።

«በልቻለሁ።»

አልበላሁም ነበር። እኔና አባቴ የምንነጋገረው በጌዴኦኛ ነው፤ በጌዴኦኛ ዝምታው ረዘም ይላል።

«አልሰጡኝም» አልኩ።

«ለምን?»

«አይመለስም ብለው ነው።»

እጁን ከፍሬው ውስጥ አወጣና በሱሪው ጠረገ። «ይኸው ተመለስክ አይደል እንዴ» አለ። የሚቀልድ አይመስልም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የኢዲዶ ጉም ከዛፎቹ ላይ አልተነሣም ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ዲላ ስኖር ረስቼዋለሁ። እህቴ ቅርጫት ለለቃሚዎቹ ስታድል ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። እህቴ አባቴን አየችው። «አንተ ተምረሃል» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ልቤ በጣም ፈልጎት ነበር። አባቴ ግን ወደ ሌላ ዞሮ ጤዛውን ከቅጠሉ ያራግፍ ጀመር። እህቴ ቅርጫቱን ሰጠችኝ።

«ብርዱ አስቸገረኝ» አልኩ።

«ጃኬትህን ልበስ» አለኝ አባቴ።

ጃኬቱን ለብሼ፣ ቆቡን ደፍቼ ገባሁ። ለቃሚዎቹ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ስለሆኑ አያውቁኝም፤ ይህ ትንሽ አቀለለልኝ። ግን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከግንድ ጀርባ ፈቀቅ እላለሁ። እስከ ቀትር እጄ በቅርንጫፍ ተፋቀ፣ ወገቤ ተቆረጠ። አባቴ ባጠገቤ ሲያልፍ ከቅርጫቴ ውስጥ ያልቀላውን ፍሬ እየለቀመ ያወጣ ነበር።

ፀሐይ ዘወር ስትል ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው እሸት የሚሰበስበው ሰው በሞተሩ መጣ። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ሚዛኑን ዛፍ ላይ አንጠለጠለና ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ለመገልበጥ ተሰለፉ። እኔም መሰለፍ ነበረብኝ። ቆቡን ወደ ታች ስቤ ከመጨረሻ ቆምኩ።

«ልጅህስ?» አለው አባቴን፣ የመጀመሪያውን እየመዘነ። «ደወለ?»

አባቴ የማዳበሪያ ጆንያውን አፍ ከፍቶ ይዞ ነበር።

«ደህና ነው» አለ።

«አገሩ ተስማማው?»

«ብርዱ አስቸገረኝ ይላል።»

«ነው እንጂ። አውሮፓ ማለት በረዶ ነው» አለ ሰውየው። «ሥራውስ?»

«ፍሬ ይለቅማል» አለ አባቴ።

ያን ቃል እኔ ስንት ወር ከሰው ሁሉ፣ ከአባቴም ጭምር ደብቄው ነበር፤ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስሠራው ያየውን እንደ ሹመት አነሣው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ «የእነሱ ፍሬ ገንዘብ ነው» አለ። ከዚያ ሰልፉን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። «ይሄኛውስ? ለብርድ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው ጃል።»

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም።

«የቀን ሠራተኛ ነው» አለ።

በኤምባሲው አፍሬያለሁ፣ በባጃጁ አፍሬያለሁ፣ ለእኔ ሲጸለይ እየሰማሁ አፍሬያለሁ። ያ ሁሉ ግን ለራሴ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሽኝቱ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሕዝብ የሳቀበት፣ በሰላም መልስልኝ ብሎ የጸለየው ሰው ነው። ተመለስኩለት፤ መመለሴን ግን ለጎረቤት መናገር የማይችል አደረግሁት። ቆቡን አውልቄ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ተራዬ ሲደርስ ግን አንገቴን ደፍቼ ፍሬዬን ገለበጥኩ፤ ሰውየው መዘነና «ትንሽ ነው» አለ።

ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሰውየው ገና ማዳበሪያውን እያሰረ፣ አባቴ እንደ ልማዱ ለቃሚዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ። ነገ ትመለሺያለሽ? እመለሳለሁ። ነገ ትመለሳለህ? እመለሳለሁ። አንዱ አልመጣም አለ፤ ቅርጫቱን ወደ እህቴ መለሰው። እኔ ጋ ሲደርስ ያልፈኛል ብዬ ነበር።

ፊቴ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት ወዲህ ዓይኔን አየኝ።

«አንተስ?» አለኝ። «ነገ ትመለሳለህ?»

«እመለሳለሁ» አልኩ።

የጠየቀኝ ሌላ ነገር የለም። ቅርጫቴን ተቀበለኝና እንሰቱ ሥር ከሌሎቹ ጎን ደፋው።